ፀረ ሰው ፈንጂ፣ ፒኤምኤን (የመከነ)

ከእጅ መዳፍ ብዙም የማትበልጥ የሶቭየት ሥሪት ናት፤ አካሏ ባኬላይት፣ ክዳኗ ጎማ። ሆዷ 240 ግራም ቲኤንቲ ይይዝ ነበር። የረገጣት የወታደር ጫማ ይሁን የእረኛ ባዶ እግር አትለይም፤ ጦርነቱ ማብቃቱንም የሚነግራት የለም። ሆኖም የፈንጂ ጉዳት በፍንዳታው ብቻ አይለካም፤ ጥርጣሬው ሰፊ ነው። አንዲት ከብት የሞተችበት ኮረብታ በሙሉ ሳይታረስና ሳይጋጥ ይከርማል። ከኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1998–2000) በኋላ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ1,900 በላይ አጠራጣሪ ቦታዎችን መዘገበ፤ ዳግም ሲፈተሹ ግን አብዛኞቹ ፈንጂ የሌለባቸው ሆነው ተገኙ። የነዋሪውን ቃል በጥንቃቄ ማጣራት ከመቆፈር ያላነሰ መሬት ለገበሬው ይመልሳል የምንለው ለዚህ ነው።

መሬቱን በከባድ ማሽን ደፍጥጦ መጨረስ አይቀልም ወይ የሚል አይጠፋም። ማሽን ሜዳ ላይ ያግዛል፤ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ግን አንዷን ሊያልፋት ይችላል፣ ገበሬውም በሬዎቹን ወደዚያ አይነዳም። ገንዘቡ ለጤና ጣቢያ ይዋል የሚለው ክርክር ይከብዳል። ነገር ግን እግሩን ያጣ ሕፃን ባደገ ቁጥር ሰው ሠራሽ እግሩ መቀየር አለበት፤ ወጪው የዕድሜ ልክ ነው። ኢትዮጵያ ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን የኦታዋ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1997 ፈርማ በ2004 አፀደቀች። ከ2020–2022ቱ (እ.ኤ.አ.) የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት የተረፉ ያልፈነዱ ጥይቶችና ቦምቦች ግን በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ዛሬም ሕፃናት እጅ ይገባሉ።