ጆሮና መስታወት፦ የድምፅ ሕመም ምርመራ ታሪክ ከማታር ሲታይ
በጋምቤላ ክልል በኑዌር ዞን በምትገኘው ማታር የሚመደብ የደጋ ሐኪም፣ በታማሚው ቃላት መካከል የሚሾልክ ትንፋሽ ይሰማ ይሆናል። የድምፅ አውታሮቹ በሚገባ አልገጠሙም ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም፤ የተማረው ይህንኑ ነውና። ይሁን እንጂ የኑዌር ቋንቋ አናባቢዎቹን ጥርት ባለ ድምፅና ትንፋሽ በተቀላቀለበት ድምፅ ይለያል፤ ልዩነቱም የቃሉን ፍቺ ወይም የሰዋስው ቅርጹን ይለውጣል። ጆሮ በሽታ ያለው ነገር የቋንቋ ሕግ ሆኖ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪውም «ጠ»ንና «ቀ»ን ሲል የድምፅ አውታሮቹን ገጥሞ ድምፁን እንደሚያፈነዳ ልብ አይለውም።

ሐኪሞች ለብዙ ዘመናት ከጆሯቸው በቀር ሌላ መሣሪያ አልነበራቸውም። የሕያው ሰው ማንቁርት በተግባር ላይ ሳለ በግልጽ እንዲታይ ያደረገው፣ ለሙያችን ጥቂት የሚያስተዛዝብ ቢሆንም፣ ሐኪም ሳይሆን በለንደን የመዝሙር መምህር የነበረው ስፔናዊው ማኑዌል ጋርሲያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ትንሽ የጥርስ ሐኪም መስታወት ወደ ጉሮሮው ጥግ አስገብቶ፣ በሌላ የእጅ መስታወት የፀሐይ ብርሃን እያንጸባረቀ የራሱን የድምፅ አውታሮች ተመለከተ። በ1855 ያየውን ለእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አቀረበ። ሰውየው 101 ዓመት ኖሮ በ1906 አረፈ።

በ1857 የቪየናው ሐኪም ቱርክ ዘዴውን በታማሚዎች ላይ ሞከረ፤ ነገር ግን ክረምት ገብቶ ፀሐይ ሲጠፋ ሥራውን ተወው። ባልደረባው ቼርማክ መስታወቶቹን ተውሶ በፋኖስ ብርሃንና በጎድጓዳ መስታወት ቀጠለበት። ከዚያ በኋላ ማን ይቀድማል በሚል ለዓመታት ተጨቃጨቁ። ለቱርክ የነሣችው ፀሐይ በማታር ሞልታለች። መስታወቱ በትንፋሽ እንዳይደበዝዝ ትንሽ ከሞቀ፣ ኤሌክትሪክ በሌለበትም ያው አሮጌው ዘዴ ይሠራል።

ጆሮም ቢሆን አልተሻረም። በ1981 የጃፓኑ ሐኪም ሂራኖ ባሳተመው መጽሐፍ የሰፈረው መለኪያ የድምፅን አጠቃላይ ጉድለት፣ ሻካራነት፣ ትንፋሻምነት፣ ድካምና ውጥረት እያንዳንዱን ከ0 እስከ 3 ይመዝናል። ጠቃሚ መለኪያ ነው፤ ሆኖም የትንፋሻምነትን ረድፍ ቋንቋውን ሳያውቁ መሙላት ከንቱ ድካም ነው። ታማሚውን «ኣ» እያለ እንዲያስረዝም ከመጠየቅ በፊት፣ የትኛውን «ኣ» እንደምንፈልግ ኑዌርኛ ተናጋሪ ባልደረባ ያሰማልን። ከሁሉ ይልቅ ግን ቤተሰቡ ይጠየቅ፦ ድምፁ ከቀድሞው ተለውጧል ወይ? ከመቼ ጀምሮ?

ምክንያቱም ስሕተቱ በሁለቱም ወገን ዋጋ ያስከፍላል። ጤነኛውን ሰው ወደ ሩቅ ሆስፒታል መላክ ቤተሰቡን ለከንቱ ወጪ ይዳርጋል። በሌላ በኩል የድምፅ መጎርነን የማንቁርት ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ከቀላል እባጭ የሚለየውን ደግሞ ጆሮ ብቻውን አይነግረንም። በ2018 የወጣው የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች መመሪያ፣ በ4 ሳምንት ውስጥ ያልተሻለ መጎርነን ማንቁርቱ በዓይን እንዲታይ ያዛል፤ ትንፋሽ የሚያጥር ወይም በአንገት ላይ እብጠት ያለ እንደሆነ 4 ሳምንት አይጠበቅም።