የ1993 ዓመትና የኮምፒዩተር ጨዋታ

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የነገሥታትን ዘመንና የጦር ሜዳን ውሎ ነው። ነገር ግን ጨዋታም የራሱ ታሪክ አለው። ስለዚህ የኮምፒዩተር ጨዋታ መልኩን የለወጠበትን አንድ ዓመት፥ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1993ን፥ በአጭሩ እንመለከታለን።

በዚያን ጊዜ በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ግዛት ኢድ ሶፍትዌር የሚባል አነስተኛ ድርጅት ነበር። ከመሥራቾቹ መካከል ጆን ካርማክ የ23፥ ጆን ሮሜሮ የ26 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። ድርጅቱ በዲሴምበር 10 ቀን 1993፥ ማለት ታኅሣሥ 1 ቀን 1986 ዓ.ም.፥ «ዱም» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ጨዋታው 3 ክፍሎች ሲኖሩት፥ የመጀመሪያውን ማንም በነፃ ወስዶ ለጓደኛው እንዲያካፍል ተፈቀደ፤ የቀሩትን የሚያገኝ ግን ገንዘብ የከፈለ ብቻ ነበር። ይህም ማር ሻጭ ገዢውን አስቀድሞ በጣት እንደሚያቀምሰው ያለ ነው።

የዚያ ዘመን ኮምፒዩተር አቅሙ ደካማ ስለ ነበረ፥ አዳራሹንና ደረጃውን፥ ብርሃኑንና ጨለማውን በፍጥነት መሣል ቀላል አልነበረም። ካርማክ ችግሩን የፈታው ከእርሱ በፊት ሊቃውንት አጥንተው የጻፉትን ዘዴ በሥራ ላይ በማዋል ነው። ዘዴውም ካርታውን ደጋግሞ ለሁለት እየከፈሉ፥ የትኛው ግድግዳ ከፊት፥ የትኛው ከኋላ እንደ ሆነ አስቀድሞ መለየት ነው። እንግዲህ ከጨዋታው በስተጀርባ በክፍላችን የምንማረው ጂኦሜትሪ ነበረ ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ እስከ 4 ሰዎች በኮምፒዩተር መረብ ተገናኝተው ይጫወቱት ነበር። ካርታውና ሥዕሉም ከዋናው ፕሮግራም ተለይቶ ስለ ተቀመጠ፥ ተጫዋቾቹ የራሳቸውን ካርታ መሥራት ጀመሩ። በ1997 ደግሞ የፕሮግራሙ ጽሑፍ ራሱ ለሕዝብ ተሰጠ።

ይሁን እንጂ ዱም መተኮስና ደም የበዛበት ጨዋታ ነው። እርሱ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው፥ በዋሽንግተን ሴናተር ጆሴፍ ሊበርማንና ሴናተር ኸርብ ኮል ስለ ቪዲዮ ጨዋታዎች ጭካኔ ምርመራ አድርገው ነበር። ከዚህም የተነሣ በ1994 እያንዳንዱ ጨዋታ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚስማማ የሚወስን ድርጅት ተቋቋመ።

ወላጆቻችን «ጨዋታ ጊዜ ይበላል» ሲሉን ብዙ ጊዜ ቅር ይለናል። ነገሩን ስንመረምር ግን እውነት አላቸው፤ ለመተኮስ ብቻ የተቀመጠ ሰው ከድካም በቀር የሚያተርፈው የለም። ዳሩ ግን ያ ዓመት ሌላም ነገር ያስተምረናል። አንዳንዶቹ ተጫዋቾች «ይህ እንዴት ተሠራ?» ብለው ጠየቁ፤ ከፍተው አዩ፤ ራሳቸውም ሠሩ። ስለዚህ ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ምን ያህል ሰዓት እንደ ተጫወትን ብቻ ሳይሆን፥ ምን እንደ ጠየቅንም ቢመረምሩን እንወዳለን። እኛም ሌላው የሠራውን ስንጫወት ብቻ እንዳንቀር እንትጋ።