የሳጉሬው ኮምባይነር

ባሕር ያለው አገር ተማሪ ዳር ላይ የተጣለ አሮጌ መርከብ ሊያይ ይሄዳል። በአርሲ ደጋ መርከብ ከየት ይመጣል? የዛገ ኮምባይነር ግን አለ፤ ታሪኩም ከመርከብ ታሪክ አያንስም።

በ1959 ዓ.ም. ማብቂያ ኢትዮጵያና ስዊድን ተዋውለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፥ ሰው ሁሉ «ካዱ» የሚለው፥ አሰላ ላይ ተቋቋመ። የታሰበው ለትንሹ ገበሬና ለጭሰኛው ነበር፤ ምርጥ ዘር ከቁሉምሳ፥ ማዳበሪያ በብድር፥ የተዳቀለች ጊደር። ስንዴውም በእርግጥ በዛ። ጣጣው የመጣው በመብዛቱ ነው። ስንዴ ትርፍ እንደሚያመጣ ያየ ባለመሬት መሬቱን ለጭሰኛ ሰጥቶ ሲሶ ወይም እኩሌታ ከሚጠብቅ፥ ራሱ በትራክተር ቢያሳርስ ይሻለዋል። መንግሥትም ለእርሻ መኪናና ለነዳጁ የቀረጥ ምሕረት አድርጎለታል። (ለጭሰኛው በሬ ምን ተደረገለት? ምንም።)

ትራክተር ቢያርስም አጨዳው ገና ሰው ይፈልግ ነበር፤ ማጭድ ያዥ፥ በሬ እየነዳ አውድማ ላይ የሚያበራይ፥ በመንሽ የሚያዘራ። ኮምባይነር ሲመጣ ይህንን ሁሉ በአንድ ሆዱ ጨረሰው። በሺህ የሚቆጠር ጭሰኛ ከጭላሎ ተፈናቀለ። የጭሰኛና የባለመሬት ሕግ እንዲወጣ ስዊድኖቹ ቢወተውቱም፥ ረቂቁ ባለመሬት በሞላበት ፓርላማ ተኝቶ ቀረ። ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በየካቲት 1957 ነው፤ ካዱ ገና ሳይኖር። እንግዲህ አላወቅንም ነበር ማለት የሚችል ማን ነው?

ከአሰላ በበቆጂ መንገድ ሄደን፥ ሳጉሬ ሳንደርስ ማሳ ዳር የቆመውን አየነው። ጎማ የለውም፤ ሞተሩ ከወጣ ቆይቷል። ቆርቆሮው ተቆርጦ የጎረቤት በር ሆኗል። እህል ይወቃበት በነበረው ከበሮ ውስጥ ዶሮ ታቅፋለች። ከበላዩ ጭላሎ፥ እታች ርቆ የዝዋይ ሐይቅ። ሣር የሚያጭዱ አባት «ልጆቼ፥ ለዚህ ብላችሁ ነው ከከተማ የመጣችሁት?» ብለው ሳቁብን። ኋላ ግን ማጭዳቸውን አስቀምጠው ከማሳው ማዶ የጭሰኞች ጎጆ የነበረበትን በእጃቸው አሳዩን። አሁን ባሕር ዛፍ ነው። ብረቱስ እንኳ ቆሞ ይታያል፤ የጎጆዎቹ ግን ምሰሶ አልቀረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ። ሰፋፊዎቹ እርሻዎች የመንግሥት እርሻ ሆኑ፥ ካዱም «አርዱ» ተብሎ መላውን አርሲ ያዘ። መኪናውን መርገም ግን ሞኝነት ይመስለናል። ዛሬ የአርሲ ገበሬ ስንዴው ሲደርስ ኮምባይነር ተከራይቶ ያሳጭዳል፥ ዝናብ ሳይቀድመውም ያስገባል። ያኔ የጠፋው ነገር መኪናው የማን ነው፥ መሬቱስ የማን ነው የሚለው ነበር።

ከናንተ መካከል ከጭላሎ የተፈናቀለ አያት ወይም አጎት ያለው፥ ከየትኛው ቀበሌ እንደተነሡና የት እንደገቡ ጠይቆ ይጻፍልን። አዛውንቶቹ እያለቁ ነው፤ ኮምባይነሩንም ቆራሌው አንድ ቀን ይወስደዋል።