ቀያሽ የቦታችንን ወሰን የሚለየው እንዴት ነው?

ጎረቤት ከጎረቤት፣ ወንድም ከወንድም በድንበር ሲጣላ «ቀያሽ መጥቶ ይፍረደን» ሲባል እንሰማለን። ቀያሽ ግን ዳኛ አይደለም። መሣሪያው የሚለካው ያሳዩትን ነጥብ እንጂ ባለመብቱን አይደለም። ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ የሚያየው ሰነዱን ነው።

በአገራችን ገጠር በመጀመሪያው ዙር የተሰጠው የይዞታ ደብተር በአብዛኛው ካርታ የለውም፤ የሰፈረበት ግምታዊ ስፋትና በአራቱም አቅጣጫ ያሉ አዋሳኞች ስም ነው። «በምሥራቅ እገሌ» የተባለው ሰው ሞቶ መሬቱ ለልጆቹ ተከፋፍሎ ከሆነ፣ ወሰኑን የሚያውቁት በሕይወት ያሉት ናቸው። በሁለተኛው ዙር ልኬታ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ በቦታው ተገኝተው ወሰኑን ያሳያሉ፤ ባለሙያውም በአየር ፎቶ ላይ ያሰምረዋል ወይም በጂፒኤስ ይለካዋል። ውጤቱ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ይፋ ስለሚደረግ ቅሬታ ያለው ያኔ ማቅረብ አለበት። እንደ መካነ መቃብር ያለ የጋራ ቦታ በተለይ ያሳስበናል፤ ሁሉም «የእኛ ነው» ይላል፣ በልኬታው ቀን ግን ተወካይ ካልተመደበ ወሰኑን የሚያሳይ አይገኝም።

በከተማ የማዕዘን ነጥቦቹ በካርታው ላይ በቁጥር ከተጻፉ ችካል ቢነቀልም በዚያው ቁጥር ተመልሶ ይተከላል። ይህን በስልክ ጂፒኤስ ለማድረግ የሚሞክሩ አሉ። ስልክ በራሱ በሜትሮች ይሳሳታል። ከዚያም በላይ በአገራችን ካርታዎች የሚሠራበት «አዲንዳን» የተባለው ስሌት ከስልኩ ስሌት የተለየ ነው፤ ቁጥሩ ሳይቀየር ከተወሰደ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ሊርቅ ይችላል።