ከለቡ ባቡር ጣቢያ እስከ አዋሽ ፍልውሃ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ለቡ ካለው ባቡር ጣቢያ በማለዳ የሚሳፈር መንገደኛ ጃኬቱን ደርቦ፣ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ነው የሚመጣው። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ብርዱ ቀላል አይደለም። ሐዲዱ ቁልቁል ወርዶ አዳማን ካለፈ በኋላ ግን ሻርፑ ይወልቃል፣ መተሐራ ላይ ደግሞ ጃኬቱ። ከዚያ ወዲያ ያለው የግራርና የደረቅ ሣር ሜዳ፣ የፈንታሌ ተራራም፣ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው።

በአስጎብኚ እየተመሩ የዱር እንስሳትን መመልከት፣ ከዚያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ ድካምን ማራገፍ ዛሬ እንደ አዲስ የቱሪዝም ፈጠራ ይቀርባል። አዋሽ ላይ ግን ሁለቱ ከጥንትም አልተለያዩም። ያገናኛቸውም ሆቴል ሳይሆን ከስምጥ ሸለቆው እሳት ሞቆ የሚወጣው ውሃ ነው።

አዲስ አበባ ራሷ የገላ መታጠቢያ ልጅ ናት። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከብርዳማው እንጦጦ ወደ ፍልውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። ድንኳኑ እየበዛ፣ ቆይታው እየረዘመ ሄደና በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ በዚያው ተቆረቆረች። ኦሮሞው ቦታውን ፊንፊኔ ሲል የሚጠራውም ከዚሁ ከሚፈልቀው ውሃ ጋር አያይዞ ነው። ቁርጥማት የያዘው፣ ወገቡን ያመመው ሰው ፍልውሃ መውረዱ ለከተማው ሰው ከቤተ መንግሥት እስከ ጎጆ የጋራ ልማድ ሆኖ ኖሯል።

ከዋና ከተማዋ ወደ ቆላው ፍልውሃ የሚወስደውን መንገድ የከፈተው ባቡር ነበር። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ስለነበር መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ማደር ነበረበት። አዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው የድሮ ሆቴል፣ ቡፌ ዳዋሽ፣ የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ያን ጊዜ የዱር እንስሳ የሚታየው በባቡር መስኮት ነበር፤ ያለበለዚያም በጠመንጃ አፈሙዝ።

ነገሩን የለወጠው ጥናትና ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሰር ጁሊያን ሀክስሌ ያሉበት የዩኔስኮ ቡድን መጥቶ የአገሪቱ የተፈጥሮ ሀብት እንዲጠበቅ ምክሩን ሰጠ። አዋሽ እ.ኤ.አ. በ1966 ፓርክ ሆኖ ተቋቋመ፣ በ1969 ደግሞ በሕግ ታወጀ። 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ቀጥ ያሉ ረጃጅም ቀንዶች ያሉት ሳላ የፓርኩ ምልክት ሊባል ይችላል። አምባራይሌ፣ አጋዘን፣ ከርከሮ፣ በወንዙ አዞና ጉማሬ፣ ከ450 በላይ የአእዋፍ ዝርያዎችም አሉ። ጎብኚውን የሚመራው መሣሪያ የያዘ ጥበቃ በሠራተኞቹ አነጋገር “ስካውት” ይባላል። ጥሩ ስካውት ሳላው ከመታየቱ በፊት ኮቴውን መሬት ላይ ያነባል።

ፓርኩ ባዶ መሬት ላይ አልተሠራም። ከረዩ ኦሮሞ፣ ኢቱና አፋር ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን የሚያግዱበት፣ በድርቅ ጊዜ ወደ ወንዙ የሚወርዱበት አገር ነበር። በዚያው አሥርት ዓመት የኔዘርላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ የመተሐራን የወንዝ ዳር መሬት ለሸንኮራ አገዳ ያዘው። ከረዩዎች በአንድ ወገን በአገዳ፣ በሌላው በፓርክ ተከበቡ፤ ከብቶች ዛሬም ድንበሩን አልፈው መግባታቸው ከዚህ የመጣ ነው። ይህ ታሪክ ሳይነገር ስለ አዋሽ ሰላምና እረፍት መጻፍ ተገቢ አይደለም።

በሌላውም ዓለም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። የካናዳ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ባንፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ሲጀመር በፍል ውሃ ምንጮች ዙሪያ የተከለለ 26 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ብቻ ነበር። እዚያም ቀድመው ይኖሩ የነበሩ ነባር ሕዝቦች ከአደናቸው ቦታ ተገፍተዋል።

የአዋሽ ፍልውሃ ያለው በፓርኩ ሰሜናዊ ጫፍ ነው። መንገዱ ድንጋያማና አቧራማ ነው፤ ከብዙ መንገጫገጭ በኋላ በድንገት ረጃጅም ዘንባባዎች ብቅ ይላሉ፣ ከሥራቸውም ታችኛው ድንጋይ ጥርት ብሎ የሚታይበት ሰማያዊ ውሃ። ምንጩ አጠገብ ውሃው ለገላ ይከብዳል፤ ወረድ ሲሉ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፣ ልምዱ ያለው ሰው የሚበቃውን ቦታ ይመርጣል።

የዱር እንስሳውና ሙቅ ውሃው የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። እነዚያ ዘንባባዎች በደረቁ አገር የሚያድጉት ፍልውሃው ሥራቸውን ስለሚያረጥበው ነው። በዙሪያው ባሉት ገደሎች የሚያድረው፣ ወንዱ ብርማ ጎፈር ያለው የሐማድራያስ ዝንጀሮ ደግሞ የዘንባባውን ፍሬ ይመገባል። ተመራማሪዋ ላሪሳ ስዌደል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ እነዚህን ዝንጀሮዎች ያጠናችው በዚሁ በፍልውሃ ነው። ወንዙን ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ ፏፏቴው ሲኬድ የሐማድራያስና የአኑቢስ ዝንጀሮዎች የሚዳቀሉበት ቀጠና አለ። ተመራማሪዎቹ ክሊፎርድ ጆሊና ጄን ፊሊፕስ ኮንሮይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጥናት የጀመሩበት ይህ ቀጠና በሥነ ፍጥረት ምርምር ዓለም ስሙ የታወቀ ነው። ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ግን ይህን አልሰማም፤ የሚያሳዝነውም እሱ ነው።

የቀኑ ውሎም የሁለቱን አብሮነት ያስገድዳል። እንስሳት በደንብ የሚታዩት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይ ከበረታች ሳላውም ከርከሮውም ጥላ ፈልጎ ይተኛል፤ እኩለ ቀን ላይ በመኪና መዞር ጎብኚውንም እንስሳውንም ማንገላታት ነው። ሙቅ ውሃ ደግሞ የሚጥመው ፀሐይ ስትበርድ ነው። ስለዚህ ማለዳ ለዱሩ፣ አመሻሽ ለውሃው። በከተማ ወይባ ጢስ ገብታ፣ ላቧ ወጥቶ፣ ገላዋ ለስልሶ የምትመለስ ሴት ይህን ዓይነቱን እረፍት ማንም ሊያስተምራት አይችልም፤ ልማዱን ከእናቷ ወርሳዋለች። የጎደለው ከፓርክ ጉብኝት ጋር በወግ ማያያዙ ነው።

ውሃውን የሚያሞቀው እሳት ግን የተኛ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬት ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ፣ ዶፈን ላይ እንፋሎት ከመሬት ተፈናጠረ፣ በአዋሽ ፈንታሌ ወረዳ ቤቶች ተሰነጠቁ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሣ። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ፤ በፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሌሊት ከእንቅልፋቸው ነቅተው ደረጃ ወረዱ።

ለፓርኩ አካባቢ የሚወጣ የጉብኝት ዕቅድ ሁሉ ለእነዚያ ተፈናቃዮችም ሥራ ይዞ መምጣት አለበት፤ መሪው፣ ስካውቱ፣ የግመል ወተት ሻጯ ከዚያው አገር ይሁኑ። የአፋር ሴቶች ከዘንባባ ቅጠል ሰሌን ይሠራሉ፤ ቤታቸውንም በዚሁ ያለብሱታል። ከፍልውሃ ወጥቶ ውሃው እስኪደርቅለት አረፍ የሚል እንግዳ ከዚያው ሰሌን ላይ ቢቀመጥ፣ ከራሱ በላይ ያለውን የዘንባባ ፍሬ ለመልቀም ከገደሉ የሚወርዱትን ዝንጀሮዎች አንገቱን ቀና አድርጎ ማየት ይበቃዋል።