መብራትና ውሃን ጨምሮ፤ ስለ አዲስ አበባ የግቢ ኪራይ ልማድ

በአዲስ አበባ ከተማ ከባለቤቱ ቤት ጎን ወይም ጓሮ የተሠራ ክፍል ሲከራይ፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ የሚነገረው «መብራትና ውሃን ጨምሮ» ተብሎ ነው። ይህ አነጋገር ለሚሰማው ሰው ቀላል ቢመስልም፤ አከራይ በተከራዩ ኑሮ ላይ ያለውን ሥልጣን የሚወስን ስለሆነ አመጣጡን መመርመር ይገባል።

ተከራይ በኩራዝ ሲያበራና ውሃ ከምንጭ ወይም ከቦኖ በእንስራ ሲያስቀዳ በነበረበት ዘመን፤ ኪራይ ማለት የጣራና የግድግዳ ዋጋ ብቻ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን ከተቋቋመ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የቆቃ ግድብ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የኤሌክትሪክ መስመር ወደ ብዙ ግቢዎች ገባ። ይሁን እንጂ ለአንድ ግቢ የሚተከለው ቆጣሪ አንድ ነው፤ ዕዳውም የሚጠየቀው በስሙ ካስመዘገበው ባለቤት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ሒሳቡን በኪራዩ ውስጥ ማጠቃለልን መረጠ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠውንም ቤቶች ለቀበሌ አስረከበ። ባለቤቱ ከመካከል ቢወጣም መጋራቱ አልቀረም። በብዙ የቀበሌ ቤቶች ቧንቧው፤ ማድ ቤቱና መጸዳጃው የጋራ ነበሩ። ቆጣሪ የጋራ በሆነበት ስፍራም ሒሳቡ በአምፖል ወይም በቤተ ሰብ ቁጥር በጎረቤቶች መካከል ይከፋፈል ነበር። በሌላ አነጋገር ሥልጣኑ ከአንድ ሰው ወደ ጎረቤት ስምምነት ተዛወረ።

የግል ኪራይ እንደገና ሲስፋፋ የቀድሞው ልማድ ተመለሰ። ዋጋው የተቆረጠ ስለሆነ ተከራዩ የወሩን ወጪ አስቀድሞ ያውቃል፤ ይህም ደመወዙ አነስተኛ ለሆነ ሰው ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን የፍጆታው መብዛት በአከራዩ ላይ ስለሚወድቅ፤ አከራዩ ገንዘቡን በቁጥጥር ያስከብራል። የእንጀራ ምጣድ፤ ምድጃና ካውያ ይከለከላሉ፤ አምፖል በጊዜ እንዲጠፋ ይታዘዛል፤ እንግዳ ሲበዛም ስለ ውሃው ይነሣል። እንጀራ መጋገር የተከለከለች እማወራ እንጀራን ከገበያ መግዛት ግድ ይሆንባታል፤ ስለሆነም ከኪራዩ ላይ ያተረፈችው ገንዘብ በሌላ በር ይወጣል።

ከዚህም የሚከፋ አንድ ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. በተሻሻለው ታሪፍ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተ ሰብ ዝቅተኛውን ዋጋ እንዲከፍል ተደርጓል፤ ዓላማውም ድኃውን መርዳት ነው። ሆኖም አራት ቤተ ሰቦች እያንዳንዳቸው 50 ቢጠቀሙ አንዱ ቆጣሪ የሚያነበው 200 ነው፤ ሒሳቡም ከፍ ወዳለው እርከን ይሻገራል። መንግሥት ለድኃው ያሰበው ቅናሽ ከቆጣሪው አያልፍም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህ ተከራዩን ከድንገተኛ መባረር ይጠብቀዋል። በቤቱ ውስጥ ያለው የዕለት ነፃነት ግን ከውል ዘመን ብቻ አይገኝም። የከተማን ኪራይ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የብሩን መጠን ብቻ ሳይሆን፤ ቆጣሪው በማን ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ጭምር ሊጠይቅ ይገባዋል።