የቤተሰብ ሐኪም የአእምሮ ጽናትን በመደገፍ ረገድ ያለው ድርሻ

ይህ ጽሑፍ በእስራኤል የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ዜጎች በጭንቀት፣ በሐዘን ወይም በእንቅልፍ እጦት በሚቸገሩበት ጊዜ ከቤተሰብ ሐኪማቸው ምን ዓይነት እርዳታ ማግኘት እንደሚችሉ፣ ምን መብት እንዳላቸውና ለቀጠሮው እንዴት እንደሚዘጋጁ ያብራራል።

የአእምሮ ጽናት ምን ማለት ነው?

በዕብራይስጥ «ሆሴን ናፍሺ» የሚባለው የአእምሮ ጽናት፣ ሰው ከባድ ነገር ሲደርስበት ጫናውን ተቋቁሞ ወደ ዕለት ተዕለት ኑሮው የመመለስ ችሎታ ነው። ጽናት ያለው ሰው አያዝንም፣ አይፈራም ማለት አይደለም። ያዝናል፣ ይፈራል፤ ነገር ግን በጊዜ ሂደትና በሚያገኘው ድጋፍ ይበረታል።

ከኢትዮጵያ በመጣው ማኅበረሰብ ዘንድ ቻይነት የተከበረ ጠባይ ነው። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ችግርን በውስጥ መያዝ የጨዋነትና የብርታት ምልክት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ይሁን እንጂ ቻይነትና ጽናት አንድ አይደሉም። ቻይነት ሸክምን ለብቻ መሸከም ሲሆን፣ ጽናት ግን ሸክሙ ሲከብድ እርዳታ መጠየቅንም ይጨምራል።

ብዙ ቤተሰቦች የሚሸከሙት ነገር ቀላል አይደለም። በሱዳን በኩል በእግር የመጡ ወላጆች በመንገድና በስደተኞች መጠለያ ውስጥ የቅርብ ዘመዶቻቸውን ቀብረዋል፤ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ የቆመው መታሰቢያም ይህንኑ ያስታውሳል። በጥቅምት 7 ቀን 2023 የጀመረው ጦርነት ደግሞ አዲስ ሐዘንና ስጋት አምጥቷል። የቆየ ቁስል በአዲስ ድንጋጤ ሊቀሰቀስ ስለሚችል፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚመጣ ጭንቀት የሚያስገርም ወይም የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

የቤተሰብ ሐኪም ለምን?

የቤተሰብ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ታካሚውን ለዓመታት ያውቀዋል። የደም ግፊቱን፣ የስኳር ሕመሙን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ አንዳንድ ጊዜም የቤተሰቡን ሁኔታ ያውቃል። ስለዚህ ለውጥ ሲመጣ ቀድሞ ሊያስተውል ይችላል። በተጨማሪም ወደ ቤተሰብ ሐኪም መሄድ የተለመደ በመሆኑ፣ በመጠበቂያው ክፍል የሚያይ ሰው ሁሉ የመጡበትን ምክንያት አያውቅም።

የአእምሮ ጫና ብዙ ጊዜ ራሱን በአካል ይገልጻል። ራስ ምታት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የጨጓራ ሕመም፣ ድካም፣ የሰውነት መቃጠል ስሜትና የእንቅልፍ እጦት ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። ለምሳሌ አንዲት እናት ለወራት ራሷን እያመማት ምርመራ ብታደርግና ውጤቱ ሁሉ ደህና ቢሆን፣ ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ልጇ ለሚሉኢም ከተጠራ ጀምሮ እንቅልፍ እንዳጣች ለሐኪሙ ካልተነገረው ግን፣ ከመድኃኒት ወደ መድኃኒት መዘዋወሯ ይቀጥላል። ሐኪሙ ሊረዳ የሚችለው የተነገረውን ያህል ነው።

በቀጠሮው ጊዜ ምን ይደረጋል?

ሐኪሙ በመጀመሪያ ያዳምጣል፤ ቀጥሎም ጥያቄዎችን ይጠይቃል። ባለፉት ሁለት ሳምንታት መከፋት ወይም ተስፋ መቁረጥ ነበረ ወይ? ቀድሞ ደስ ይሉ የነበሩ ነገሮች ዛሬ ደስታ ይሰጣሉ ወይ? እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት እንዴት ነው? የአልኮል መጠጥ ወይም ጫት ይወሰዳል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች የሚቀርቡት ለመፍረድ ሳይሆን ለመርዳት ነው።

ሐኪሙ የደም ምርመራም ሊያዝ ይችላል። የታይሮይድ ዕጢ መታወክ፣ የደም ማነስ ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ከድብርት ጋር የሚመሳሰሉ ምልክቶችን ያመጣሉና። ከዚያ በኋላ እንደ ሁኔታው ስለ እንቅልፍና ስለ አካል እንቅስቃሴ ምክር ይሰጣል፣ የክትትል ቀጠሮ ይይዛል፣ ከክሊኒኩ ማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ያገናኛል፣ መድኃኒት ያዝዛል ወይም ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ይመራል።

የድብርት መድኃኒት ታዞ ከሆነ፣ ውጤቱ በአንድ ቀን እንደማይታይና ጥቂት ሳምንታት እንደሚወስድ ማወቅ ያስፈልጋል። ሐኪምን ሳያማክሩ በድንገት ማቋረጥም ሆነ የሌላ ሰው የእንቅልፍ መድኃኒት መውሰድ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

ቋንቋ እንቅፋት እንዳይሆን

«ሆዴ ባባ»፣ «ልቤ ተሰበረ» የሚሉት አነጋገሮች ቃል በቃል ከተተረጎሙ የሆድ ወይም የልብ በሽታ ሊመስሉ ይችላሉ። በመሆኑም ትክክለኛ ትርጉም የሕክምናው አካል ነው። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ያወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለታካሚው ቋንቋና ባህል ተደራሽ እንዲያደርጉ ያዛል። ታካሚው ወይም ቤተሰቡ ቀጠሮ ሲይዙ የአማርኛ ትርጓሜ፣ በስልክም ቢሆን፣ እንዲዘጋጅ መጠየቅ ይችላሉ።

ልጆችን አስተርጓሚ አድርጎ መውሰድ አይመከርም። እናት በልጇ ፊት ስለ ሐዘኗ በነጻነት መናገር ያዳግታታል፤ ልጁም የሰማውን ሸክም ይዞ ይመለሳል።

ምስጢር ይጠበቃል

በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብቶች ሕግ ሐኪሙና የክሊኒኩ ሠራተኞች የታካሚውን ምስጢር እንዲጠብቁ ያስገድዳል። ሐኪሙ ያለ ታካሚው ፈቃድ ለአሠሪ፣ ለጎረቤት ወይም ለዘመድ መረጃ አይሰጥም። ሕጉ የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎችን፣ ለምሳሌ የሰውን ጤና ለመጠበቅ መረጃ መስጠት የግድ የሚሆንበትን ጊዜ፣ ይደነግጋል። አስተርጓሚውም ምስጢር ጠባቂ ስለመሆኑ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው።

ከቤተሰብ ሐኪም በተጨማሪ

ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የአእምሮ ጤና አገልግሎት በአራቱ ኩፓት ሆሊሞች፣ ማለትም በክላሊት፣ በማካቢ፣ በመኡሄዴትና በሌኡሚት ኃላፊነት ሥር ይሰጣል። ይህ አገልግሎት በብሔራዊ የጤና መድን ሕግ የታቀፈ መብት ነው። የመጠበቂያ ጊዜ፣ የክፍያና የሪፈራል ሁኔታ እንደ አገልግሎቱ ዓይነት ስለሚለያይ በኩፓት ሆሊምዎ ያረጋግጡ። ወረፋው ረዥም ከሆነ፣ በመካከሉ ባለው ጊዜ የቤተሰብ ሐኪሙ ክትትሉን እንዲቀጥል ይጠይቁ።

በቅርቡ የወለዱ እናቶች ስሜታቸውን ለቲፓት ሃላቭ ነርስም መንገር ይችላሉ። በመደበኛ የውትድርና አገልግሎት ላይ ያሉ ወጣቶች ደግሞ የሚታከሙት በሠራዊቱ ሐኪሞችና የአእምሮ ጤና መኮንኖች ነው። የቄሶች ምክር፣ የሽማግሌዎች ቃልና ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት የጽናት ምንጮች ናቸው። ከሕክምና ጋር አብረው ይሄዳሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ለቀጠሮው እንዴት ይዘጋጃሉ?

• ቀጠሮ ሲይዙ ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚያስፈልግዎ ይናገሩ።
• ችግሩ መቼ እንደጀመረና ምን እንደሚያባብሰው አስቀድመው ያስቡ።
• የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችና የባህል መድኃኒቶች ሁሉ ይዘው ይምጡ።
• ዋናውን ጉዳይ መጀመሪያ ላይ ይናገሩ፤ ለመጨረሻው ደቂቃ አያቆዩት።
• ያልገባዎት ነገር ካለ ደግመው ይጠይቁ።

እንዴት እንደሚጀምሩ ከቸገርዎ፣ «ከአካሌ ሕመም ሌላ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ» ማለት ይበቃል። የቀረውን ሐኪሙ በጥያቄ ይረዳዎታል።

አስቸኳይ እርዳታ መቼ ያስፈልጋል?

አንድ ሰው ራሱን ስለማጥፋት ከተናገረ፣ ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ይችላል የሚል ስጋት ካለ፣ ወይም ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ እየሰማ ከተረበሸ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ብቻውን ሳይተዉት በ101 ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም ይደውሉ ወይም በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ስለዚህ ጉዳይ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም፤ ይልቁንም የመናገር ዕድል ይሰጣል።

ለስሜታዊ የመጀመሪያ እርዳታ ኤራንን በ1201፣ ከጦርነትና ከሽብር ጋር ለተያያዘ ጭንቀት ናታልን በ1-800-363-363 ማግኘት ይቻላል። ስለ ጤና መብቶች ለመጠየቅ የጤና ሚኒስቴር የመረጃ መስመር *5400 ነው።